ለመኪና የተላከ ሽማግሌ

አባቴ "ከእንግዲህ ሚኒባስ አልሳፈርም" ብለው የማሉት ነሐሴ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪም ዘንድ እየተመለስን ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በሚይዝ መኪና ሃያ ሆነን ተጠቅጥቀናል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሆዳቸው አብሮ ተጠማዘዘና አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ቀሚስ ላይ አስመለሱ። ሴትየዋ ደግ ነበረች፤ "ምንም አይደል አባ፣ ይታጠባል" አለች። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የመሐል ሜዳ ሰው "የኔታ" እያለ መንገድ የሚለቅላቸው ሰው ናቸው። ቤት እንደገባን ጋቢያቸውን አወለቁና፣ "ወይ በእግሬ፣ ወይ በራስህ መኪና። ሌላ የለም" አሉኝ።

ኮንትራት መኪና ልያዝልዎ ብላቸው፣ "የሰው መኪና ደግሜ አላበላሽም" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ። ቀኙ ጨርሶ ጨልሟል፣ ግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ቀኙን ለመግፈፍ ለኅዳር መጀመሪያ ቀጠሮ ሰጥቶናል፤ ከዚያ ካለፈ ሞራው እየጠነከረ ስለሚሄድ ሥራው ይከብዳል ብሏል። አባቴ በዚያን ጊዜ ሰው የሚያውቁት በድምፁና በኮቴው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት የሰፈሩን አጥር እየዳበሱ ነው። ይህን እያየሁ የቀጠሮው ቀን እንዲያልፍ ብፈቅድ እኔ ምን ልጅ ነኝ?

ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ። ሱቄን ላሰፋ ብዬ የቋጠርኩት ነገር ነበረኝ። ባለቤቴን ሳማክራት፣ "ሱቁ የትም አይሄድም፣ የኔታ ዓይናቸው ግን እየሄደ ነው" አለችኝ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ፤ መኪና እንገዛለን።

እንግዲህ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ፤ ደግሞ ሁሉ ነገር የገባኝ ይመስለኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ያገለገለ መኪና እንዴት እንደሚገዛ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ምሳ እየበላሁም፣ ለደንበኛ ሚስማር እየመዘንኩም አያለሁ። "ባለሙያ ሆኛለሁ" ብዬ ሳወራ ባለቤቴ፣ "መሪ ጨብጠህ የማታውቅ ባለሙያ!" አለችኝ። ሐሰቷን ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ካወጣሁት በኋላ ብዙ አልነዳሁም እንጂ።

ስለዚህ መካኒክ ያዝኩ። መካኒኩ የአባቴ የድሮ ተማሪ ነው፤ ጾመ ድጓውን ግማሽ ላይ ትቶ ጋራዥ የገባ። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ፀጉሩም ሳስቷል፤ አባቴ ግን ዛሬም አልማሩትም። "ይኸው ዘይቱን መረጠ፤ ቅባ ቅዱሱን ትቶ" ይሉታል። እሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጉልበታቸውን ስሞ፣ "የኔታ፣ እርስዎ ነፍስ ይጠግኑ፣ እኔ ሞተር ልጠግን" ይላል። አሮጌ ፒክአፕ አለችው፤ ቦሎዋ ያልታደሰ፣ ከመንዝ የማትወጣ። መኪና ለማየት ስንሄድ አባቴ በእሷ ለመሄድ እሺ አሉ። ለምን ብላቸው፣ "የተማሪዬ ናት፤ ብትበላሽም ያጥባታል" አሉ።

የመጀመሪያዋን መኪና ያየነው እዚያው መሐል ሜዳ ነው። ባለቤቷ ሥራ ተዛውሮ አገር የሚለቅ ሠራተኛ ነበር። ቀይ ናት፤ ትንሽ፣ ጀርባዋ ቁርጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ደላሎች ሀችባክ የሚሏት ዓይነት። ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ ሞተሯ ተነስቶ፣ መዝሙር ተከፍቶላት ጠበቀችን። ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ጥያቄ በተራ በተራ ጠየቅኩ። ሰውየው ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ ቀለሙ? ኦሪጅናል። ሞተሩ? ኦሪጅናል። ወንበሩ? እሱም ኦሪጅናል። ልቤ ቀለጠ። ቀብድ ልሰጥ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አባቴ እየዳበሱ መጡና መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳረፉ።

"ይህቺ ለምንድን ነው ሞቃ የጠበቀችን?"

"እንዳትቸገሩ ብዬ ነው የኔታ፣ ቀድሜ አስነሳኋት።"

"በእኛ አገር የምትሸጥ በቅሎ በጠዋት፣ በብርዱ፣ ገና ከማሰሪያዋ ሳትፈታ ነው የምትታይ። ከተሟሟቀች በኋላ ማነከሷ አይታወቅም። ነገ ጠዋት እንመጣለን፤ እስክንመጣ እንዳትነካት።"

ቆሽቴ አረረ። "አባዬ፣ ይህቺ እኮ መኪና ናት፣ በቅሎ አይደለችም!" ብዬ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። እሳቸው ዘወርም አላሉ። መካኒኩ ግን ጎኔን ነካ አድርጎ፣ "ዝም በል፤ ጋራዥ የተማርኩትን ነው የነገሩህ" አለኝ።

በማግስቱ ውርጩ ሳይነሳ ደረስን። የመንዝን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፍንጫ ያስረሳል። ሰውየው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ቁልፉን ሰጠን። መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፣ ተወ፣ ደግሞ አቃሰተ። በአራተኛው ተነሳችና ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ጭሱ ግቢውን ሞልቶ የጎረቤቱን ዶሮዎች ደበቃቸው።

"ዘይት ትበላለች የኔታ" አለ መካኒኩ።

"በፍስክም?"

"በፍስክም በጾምም።"

"እንግዲያስ ለእኛ ቤት አትሆንም" አሉ አባቴና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ሻጩ ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ሁለተኛዋ ሞላሌ ነበረች። የበግ ነጋዴ ዘንድ ናት ያለችው አሉንና በገበያ ቀን ሄድን። ብርማ ናት፤ አልታጠበችም፣ አልተቀባችም፣ ሞተሯም ቀዝቃዛ ነው። መካኒኩ ዘይቷን በጣቱ አሸ፣ ጎማዎቿ እኩል መበላታቸውን አየ፣ የጎን በሮቿንና ኮፈኗን ከፍቶ ዘጋ፣ ሥሯ ገብቶ ተንጋሎ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ በራ። "እስቲ እንንዳት" አለ። ነጋዴው ዕቃ ሊያወርድ ቢፈልግም እኔ ቸኩዬ፣ "ግድ የለም፣ ቶሎ እንመለሳለን" አልኩት። መካኒኩ እየነዳ፣ አባቴ "ለመሞከር ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም" ብለው ከፊት፣ እኔና ነጋዴው ከኋላ ሆነን ዳገቱን ወጣን፣ ወረድን። አባቴ ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ።

"ከኋላዋ የሚንቋቋ ነገር አለ" አሉ። "አጥንት የተሰበረ ይመስላል።"

እኔም ሰማሁት፤ ጠጠሩን በረገጥን ቁጥር ጓ! ጓ! ይላል። ያን ቪዲዮ ሁሉ ያየሁት ለዚህ ቀን አይደል? ደሜ ፈላ። "ሻንሲዋ፣ የሥር አጥንቷ ተሰብሯል! ተገልብጣ የተነሳች መኪና ነው ልትሸጥልን ያመጣኸው? ሽማግሌ ስታይ የምታታልል ሰው ነህ!" አልኩት ነጋዴውን። ገና መኪናው ሳይቆም ነው ይህን ሁሉ ያልኩት። ስንቆም ገበያተኛው ከበበን።

ነጋዴው ወርዶ የኋላ በሯን ወደ ላይ ከፈተው። ውስጡ አንድ ትልቅ የድግስ ድስት ተኝቷል። ድስቱ ውስጥ ደግሞ ክሪክ፤ ጎማ ሲቀየር መኪና የሚነሳበት ያ ከባድ ብረት። ላውርድ ብሎ የነበረው ዕቃ ይኸው ነው። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር ክሪኩ ድስቱን ይደልቀዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ገበያው በሙሉ ሳቀ። አባቴም፣ "እኔም ጆሮዬ አርጅቷል ማለት ነው" ብለው ሳቁ። ነጋዴው ብቻ አልሳቀም።

"በሰው ፊት አታላይ አልከኝ" አለ። "ለአንተ በወርቅም አልሸጥም።"

ይቅርታ ብል፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች! በሯን ዘግቶ ሄደ። መካኒኩ ፒክአፑ ውስጥ ሲገባ፣ "ከዚያች የተሻለች በዚህ ዋጋ አታገኝም። ባየሁት ሁሉ እንዲህ የተያዘች ትንሽ መኪና አላየሁም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ እየሮጠ መጣ። ቀጠሮው ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ዘመሮ አንዲት ነጭ አለች ተባለና ሄድን። እኔ በዚያን ጊዜ መንኮራኩር ያለው ጋሪም ቢሆን እገዛ ነበር። ጠዋት ሄድን፣ ቀዝቃዛ ናት፣ በአንዴ ተነሳች። "በቃ እንግዛት" አልኩ። መካኒኩ፣ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብሎ አጠፋትና ቁልፉን እንደገና ግማሽ ብቻ አዞረ።

"እያት" አለኝ፣ "ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶቹ ሁሉ መጀመሪያ መብራት አለባቸው፤ ሞተር ሲነሳ ነው የሚጠፉት። የሞተሩ መብራት የታለ?"

የለም። አምፖሉ ወልቋል። ሞተሩ ታሞ መብራቱ ሲበራባቸው፣ መብራቱን አወጡታ! የዘይት ክዳኑን ፈታና ገልብጦ አሳየኝ፤ ውስጡ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ዳገት ላይ ትፈላለች። ደግሞ ሲያስነሳት አባቴ አጠገቧ ቆመው አዳመጡና፣ "ከአራቱ አንዱ ዘግይቶ ነው የሚገባ፤ ማኅሌት ላይ እንዲህ ያለውን ደቀ መዝሙር አስወጣው ነበር" አሉ። መካኒኩ እሳት የሚለኩሱትን የካንዴላዎች ሽቦ አንድ በአንድ ሲነቅል ሦስተኛው ላይ እውነትም ሞተሩ ለውጥ አላሳየም። "ሦስተኛው ሲሊንደር አይሠራም፤ የኔታ ጆሮዎት አላረጀም!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው ደስ አላቸው። እኔ ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። በእኔ አፍ ምክንያት አባቴ ዓይናቸውን ሊያጡ ነው። ይህንኑ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

"ምን ያስለቅስሃል?" አሉ። "ሰው ልጃገረድ ሲከለከል ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል።"

"ለመኪና?"

"ለመኪና።"

መካኒኩ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ቁም ነገር አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። "ሦስት መሆን አለብን" አለ። ሦስተኛ የዕድራችንን ዳኛ ጨመርን። ዳኛው ለሰው ስንት ሴት ልጅ ጠይቀው ተሳክቶላቸዋል፤ ለመኪና ሲጠየቁ ግን የመጀመሪያቸው ነው። "እንግዲህ መልኳን ንገሩኝ" አሉ በሳቅ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞላሌ ገባን። አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል። እኔን ከአጥሩ ውጭ ተዉኝና ሦስቱ ገቡ። በአጥሩ ቀዳዳ እሰማለሁ፣ አያለሁም።

"ግቡ፣ ተቀመጡ የኔታ" ይላል ነጋዴው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ አባቴ።

"ምን እግር ጣላችሁ?"

"ከቤትህ የምንፈልጋት አለች።"

የነጋዴው ሚስት ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ኧረ በሕግ! ልጄ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት!" አለች።

"አይ እመቤቴ" አሉ የዕድሩ ዳኛ፣ "ብርማዋን ነው። ውጭ የቆመችውን።"

ነጋዴው ሲስቅ ሰማሁ፤ ሊከለክለው ሞክሮ ያልቻለው ሳቅ። ግን ወዲያው ድምፁን አጠነከረ። "እናንተን አከብራለሁ። ያ ሰው ግን በገበያ መካከል አዋርዶኛል። ይግባና በወጉ ይቅርታ ይጠይቅ።"

በወጉ ማለት ድንጋይ ተሸክሞ መግባት ማለት ነው። እኔም ድንጋይ ልፈልግ ዞር ስል መካኒኩ ከግቢው ወጥቶ መጣ። ከፒክአፑ ኋላ አንድ ነገር አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጫነብኝ። ክሪክ ነው! "የበደልከው በዚህ ነው፣ በዚህ ታረቅ" አለኝ። ክሪኩን ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ከነጋዴው እግር ሥር ጎንበስ አልኩ። "በድያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ" አልኩ፤ ከልቤ ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን ሲያይ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጃቸው፣ ያቺ ስምንተኛ ክፍል ያለችው፣ ስልኳን አውጥታ ልትቀርጸኝ ስትሮጥ እናቷ ያዘቻት። "ተነሳ፣ አውርደው፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ ነጋዴው እንባውን እየጠረገ።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት። ጠላ ቀረበ። አባቴ ጠላውን ሳይነኩ፣ "በቅሎ ሲሸጥ እንደሚጠየቀው እጠይቅሃለሁ፤ ነውሯ ምንድን ነው?" አሉ።

ነጋዴው አሰበ። "የግራው የኋላ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ከውጭ ነው። በብርድ ሁለተኛ ማርሽ ትቀብጣለች፤ ካልለመናችኋት አትገባም። የሞተሯ ቺንጋ፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ደርቋል፣ ዘንድሮ መቀየር አለበት። ደግሞ ሁለት ጊዜ በግ ጭኜባታለሁ፤ ዝናብ ሲሆን ይሸታል።"

"የበግ ሽታ መንዝ ላይ ነውር አይባልም" አሉ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ነውሩን የሚነግርህ ሰው ካገኘህ ሌላ አትመርምር።"

"የኔታ፣ እርስዎ ይመኑ፤ እኔ ግን አንዴ ከሥሯ ልግባ" አለ መካኒኩና ወጣ። ሲመለስ የጨመረው ነውር አልነበረም። ያንኑ ዕለት ወረቀቷን ተፈራረምን፤ ስምዋን የማዛወሩ ነገር ሰኞ ቢሮ ሲከፈት አለቀ።

ቺንጋውን መካኒኩ ቀየረው። የቀጠሮው ዋዜማ ዕለት እኔና አባቴ ደብረ ብርሃን ወረድን። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስደርስ "በሞቴ ግቢ" እላታለሁ፣ ትገባለች። አባቴ መስኮቱን ከፍተው ከፊት ተቀምጠዋል። ሞላሌን ስናልፍ ማዜም ጀመሩ፤ ሆዳቸውን አንዴም አልያዙም። እኔ በበኩሌ በየመጠምዘዣው መሪውን አንቄ ይዤ ነበር፤ ባለሙያው ሹፌር! ከኋላችን የመጣ አውቶቡስ ጡሩንባ ሲነፋብኝ፣ "ይለፍ፣ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል፤ እኛ ቀጠሯችን ነገ ነው" አሉኝ።

ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ለማንሳት ተጠራን። ነርሷ ዝግ ባለ እጅ ላጠችው፣ ዓይናቸውን በጨርቅ ጠረገችላቸው፣ ጠብታ ጨመረች። "እስቲ ቀስ ብለው ይክፈቱ አባ" አለች። እኔ ከፊታቸው ቆምኩ።

ከፈቱት። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ የነርሷን ነጭ ጋውን አዩ። ከዚያ እኔን። አልናገር አልኩ፤ በድምፄ ሳይሆን በዓይናቸው እንዲያውቁኝ ፈልጌ። ግንባራቸው ተኮማተረ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባዬ።"

እጃቸውን ዘርግተው ፀጉሬን ነኩ፣ ጆሮዬ አጠገብ ያለውን። "መቼ ነው የሸበትከው?"

ሽበቴ ከመጣ አምስት ዓመት አልፎታል። እዚያው ቤት አብረን እየበላን፣ በየቀኑ ጉልበታቸውን እየሳምኩ፣ እሳቸው በልባቸው የሚያዩት ያንን ጥቁር ፀጉር ያለውን ልጅ ነበር። አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ፈገግ ብለው ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ ጉንጬን ያያሉ።

ነርሷ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች እያየች፣ "አባ፣ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ነው፤ ይነሱልን" አለች።

"ትንሽ ታገሺኝ ልጄ" አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ። "ልጄን ገና አይቼ አልጠገብኩትም።"